አዳማ ያገኘሁት የቀይ ባሕር ዛጎል

ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወርጄ አዳማ የገባሁት፣ በቀድሞው ባሕር ኃይል ምፅዋ ላይ ያገለገሉ አንድ አዛውንት ቤት አለ የተባለውን ግዙፍ ዛጎል ለማየት ነበር። ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳይጠብቁ ከቁም ሣጥን አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። ጀርባው ላይ እንደ ሣር ክዳን የተደራረቡ ቅርፊቶች ስላሉት ትሪዳክና ስኳሞሳ የሚባለው፣ ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል የባሕር እንስሳ ዝርያ መሆኑን ለመለየት አልተቸገርሁም።

«ልጄ፣ ይህ ባዶ ቤቱ ነው» አሉኝ። «በሕይወት ሳለ ከንፈሩ ያሸበረቀ ነው፤ ጥላህ ሲያርፍበት ይከደናል።»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ቀለማም ሥጋ ጠርዝ ላይ የብርሃንን መቀነስ የሚለዩ ጥቃቅን ዓይኖች አሉ። ሥጋው ውስጥ የሚኖሩት አልጌ የሚባሉ ዕፅዋት መሰል ጥቃቅን ሕይወታውያን በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጁትን ስኳር ለእንስሳው ያካፍላሉ፤ እርሱም መጠለያና ናይትሮጅን ይሰጣቸዋል። ብርሃን ፈላጊ በመሆኑ ጥርት ባለና ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ በኮራል ዓለት መካከል ይኖራል፤ ለሰው እጅ የተጋለጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን አረባቡ ነው። ለመራባት ሲደርስ ወንድ ሆኖ ይጀምራል፤ ሲያድግ እንቁላልም ያፈራል። ካለበት ስለማይንቀሳቀስ ዘሩንም እንቁላሉንም ወደ ውኃው ይለቃል፤ በአቅራቢያው ሌላ ከሌለ፣ በሚሊዮን የሚቆጠረው እንቁላል በአብዛኛው ሳይዳብር ማዕበል ይወስደዋል። እንግዲህ የቀሩት ተራርቀው ከሆነ፣ በቁጥር ብዙ ቢመስሉም ዘር አይተኩም። ይህን ስነግራቸው አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና «ሰዉ እኮ ትልልቁን ነበር የሚለቅመው» አሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ዋነኞቹ እንቁላል ጣዮች ናቸው።

ጉዳቱ የዛሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ኮስታታ ብሎ የገለጸው፣ አሁን ስኳሞሲና የሚባለው፣ ከስኳሞሳ የተለየ ሌላ የቀይ ባሕር ግዙፍ ዛጎል ዝርያ፣ በጥንታዊ የኮራል እርከኖች ላይ ከተገኙት የግዙፍ ዛጎል ቅሪቶች ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን፣ በሕይወት ካሉት ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። አጥኚዎቹ ለዚህ መመናመን የጥንት ሰዎችን ለቀማ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው አቅርበዋል።

ሳይትስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱን ይቆጣጠራል፤ ይህ ተገቢ ቢሆንም የተበታተኑትን አያቀራርብም። በፊሊፒንስ ቦሊናኦ፣ የዝርያዎቹ ሁሉ ትልቁ የሆነው ጊጋስ ከአገሩ ውኃ ሊጠፋ ሲቃረብ፣ ተመራማሪዎች ጫጩቶቹን በገንዳ አሳድገው ዓለቱ ላይ ጎን ለጎን አስፍረዋል። ለስኳሞሲናም ለቀማውን ከመከልከል ጋር እንዲህ ያለ ሥራ በአስቸኳይ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ።