በሲኒ የሚጠጣ ውሃ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ምስክርነቴ አንዳንዶቻችሁ የምትጠብቁት ዓይነት ላይሆን ይችላል። ኩላሊቴ አልተፈወሰም። አሁንም ሰኞና ሐሙስ እጥበት ላይ ነኝ። ሐኪሞቹ በሳምንት ሦስት ቀን ይሻልሻል ይላሉ፤ ኪሴ የሚችለው ግን ሁለቱን ነው።

የጀመረኝ በ2014 ዓ.ም. ነው። ጠዋት ስነሳ ፊቴ ያብጣል፤ ማታ እግሬ ጫማ አይገባልኝም። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ግፊት እንዳለብኝ ከተነገረኝ ቆይቷል። መድኃኒቱን ደህና ስሆን አቆማለሁ፣ ራሴን ሲያመኝ እጀምራለሁ። (ግፊት ያለባችሁ፣ እባካችሁ እንደ እኔ አትሁኑ።) ስመረመር ሁለቱም ኩላሊቶችሽ ሥራ አቁመዋል ተባልኩ። ወንድሜ አንዱን ልስጣት ብሎ ተነሳ። ሲመረመር እሱም ግፊት ተገኘበትና አይሆንም ተባለ።

ያኔ ጸሎቴ ደረቀ። ስንት ዓመት ከመዘምራን ጋር ቆሜ ያገለገልኩ ሰው፣ መዝሙር ሲከፈት ማጥፋት ጀመርኩ። ልትጠይቀኝ የመጣች አንዲት እህት ደግሞ "የተሰወረ ኃጢአት ካለ ተናዘዢ" አለችኝ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋት። ንግግሯ ግን እስካሁን ያመኛል። ይቅር ለማለት እየታገልኩ ነው።

ሰው መርፌው ይከብዳል ብሎ ያስባል። ለእኔ የከበደኝ ጥሙ ነው። ሽንት ስለማይወጣኝ የጠጣሁት ሁሉ ሰውነቴ ውስጥ ይቀራል። ካበዛሁት ሳንባዬ ገብቶ ትንፋሽ ያሳጥረኛል። ለእኔ የተፈቀደልኝ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። ቡናውም ሾርባውም ከዚያው ይቆጠራል። አንድ ቀን ክረምት ላይ መስኮት ጋ ቆሜ ዝናቡን እያየሁ አልቅሻለሁ። መሬቷ እንደልቧ ትጠጣለች፤ ቀናሁባት።

ከፊት ለፊቴ ያለው አልጋ ላይ አንድ አባት አሉ። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ። የእጥበቱ ማሽን ይህን አይጠይቅም። ውሃቸውን የሚጠጡት በቡና ሲኒ ነው። ያማትባሉ፣ ፉት ይላሉ፣ "ተመስገን" ይላሉ። ደግሞ ፉት፣ ደግሞ "ተመስገን"። አንድ ቀን ነደደኝ።

"አባባ፣ ለዚች ጠብታ ነው ይሄ ሁሉ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ በእንስራ ስጠጣ ኖሬ ጣዕሙን ያወቅሁት አሁን ነው" አሉኝ።

ዝም አልኩ። እኔም እንዴት አደርሽ ስባል "ተመስገን" ስል ነው የኖርኩት። አንድም ቀን ማን እንደሚመሰገን አስቤ አላውቅም።

ማታ የሐዋርያት ሥራ 16ን ከፈትኩ። ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ ወህኒ ቤት ውስጥ ናቸው። ተገርፈዋል፣ እግራቸው ከግንድ ተጣብቋል። በመንፈቀ ሌሊት ይዘምራሉ። እኛ ስንሰብከው የምንቸኩለው ወደ ምድር መናወጡ ነው፣ ወደ በሮቹ መከፈት። እኔ ግን ያን ማታ ዓይኔ ያረፈው ሲዘምሩ በሩ ገና ዝግ መሆኑ ላይ ነው። ይከፈታል ያላቸውም የለም። በኋላም ጳውሎስ ሌላ እስር ላይ ሆኖ "ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ" ብሎ የጻፈው ለዚያችው ከተማ ምእመናን ነው። ምናልባት ያን ሌሊት ያመነው የወህኒ ጠባቂ ደብዳቤው ሲነበብ ቁጭ ብሎ ሰምቶ ይሆናል።

"ጌታ ሆይ፣ ኩላሊት እፈልጋለሁ፣ አልዋሽህም። እስከዚያው ግን ዝማሬዬን መልስልኝ" ብዬ ተኛሁ።

በቀጣዩ ሐሙስ፣ ማሽኑ ላይ ሦስተኛው ሰዓት ላይ፣ እግሬን ጨመደደኝ። እያቃሰትኩ ሳለ ማቃሰቴ ዜማ ሆነ። ድምፄ ለጆሮ የሚሆን አልነበረም። ሲስተሯ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ውስጤ የገባውን ደስታ በቃል ልነግራችሁ አልችልም፤ እግሬ ግን አሁንም ያመኝ ነበር።

"ከፍ አድርጊው እንጂ፣ ማሽኑ እየበለጠሽ ነው" አሉ አባባ።

ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ አልላችሁም። ባለፈው ሳምንት የእጥበት ገንዘብ ጎድሎብኝ ስነጫነጭ አድሬያለሁ። በማግስቱ ግን ሽሮዬን ያለ ጨው እያማሰልኩ ሳንጎራጉር ወንድሜ ሰማኝና "ምን ተገኘ?" አለኝ። ምንም አልተገኘም።

ነገ ሐሙስ ነው፣ ተራዬ ነው። ለዛሬ የቀረችኝ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ናት። ሲኒዬን አጥቤ አጠገቧ አስቀምጫለሁ። ልተኛ ስል እጠጣታለሁ።