ጀልባ እየጎተቱ መንገድ ላይ መቅረት፦ ከሚኒሶታ ለሐይቅ ልጆች

የጀልባ ተሳቢ አውራ ጎዳና ላይ የተሰበረ ይምሰል እንጂ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሐይቅ ዳር ነው። ይህን የምጽፈው ለእረፍት መጥቼ ኮምቦልቻ ሆኜ ነው። ሐይቅ ከተማ ያሉ ዘመዶቼ ከጅቡቲ ወደብ ጀልባ ከነተሳቢው በሚሌና በባቲ በኩል ጎትተው ለማምጣት እየተመካከሩ ነው። በስደት አገር ያየሁትን ከመነሳታቸው በፊት እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

የምኖርበት ሚኒሶታ በመኪና ሰሌዳው ላይ ሳይቀር የ10,000 ሐይቆች ምድር ተብሎ ይጠራል። ውኃ እያየ ላደገ ሰው ትልቅ መጽናኛ ነው። ከደሴና ከወረባቦ ከመጡ ወንድሞች ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከነተሳቢው ገዛን። ብርዱ ሲያልፍ በ169 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚል ላክስ ሐይቅ እንጎትተው ነበር።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላ የተቀመጠው ወንድማችን «የሚቃጠል ግራሶ ይሸተኛል» አለ። ጥጋችንን ይዘን ቆምን። የተሳቢው የቀኝ ጎማ ዘሟል፤ ቸርኬው ላይ ጥቁር ግራሶ ተረጭቷል፤ ጎማው ከሚታሰርበት ከሞዞው ጭስ ይወጣል። ሞዞው ውስጥ ሆኖ ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ተፈጭቶ አልቋል። ትንሽ ብንቀጥል ኖሮ ጎማው ከነሞዞው ተነቅሎ ከኋላችን ልጆቹን ይዞ በሚመጣ ሰው መኪና ላይ ያርፍ ነበር። ጀልባችን በጭነት መኪና ተጭኖ ተመለሰ፤ የከፈልነው ገንዘብ ከባድ ነበር፣ ሌሊት ሌሊት እየመጣ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ያ ሳይደርስ የቀረው ነገር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ረጅም መንገድ የተጓዘ ጎማ ሞዞው ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። ጀልባውን ለማውረድ ተሳቢውን እንደጋለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነክሩት አየሩ በድንገት ይኮማተርና ሞዞውን ከኋላ በሚያሽገው ጎሚኒ በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውኃ የገባበት ግራሶ ወተት ይመስላል፤ ማለስለሱንም ይተዋል። ከዚያ ተሳቢው ግቢ ውስጥ ለሳምንታት ሲቆም ኩሽኔታው በጸጥታ ይዝጋል። የዛገው ኩሽኔታ በቀጣዩ ጉዞ በሙሉ ፍጥነት ሲሽከረከር ራሱን ይፈጫል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ውኃ የሚቋቋም ግራሶ መጠቀም፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ፈትቶ አጥቦ እንደገና መቀባት፣ በተፈታ ቁጥር ጎሚኒውን መቀየር ነው። ሐይቁ ዳር ሲደርሱም ጎማው እስኪበርድ አረፍ ብሎ ሻይ መጠጣት።

ይህን ሁሉ እዚህ ኮምቦልቻ ጋራዥ ላላቸው አንድ አባት አጫወትኳቸው። በወጣትነታቸው፣ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1990 ዓ.ም. መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት፣ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። «ልጄ፣ እኛ ባቲን አልፈን ቆላ ከገባን በኋላ መኪናው በቆመ ቁጥር ጎማውን ሳንዳስስ ውኃ አንቀምስም ነበር» አሉኝ። ተነሥተውም ደጃቸው ወደ ቆመ አይሱዙ ወሰዱኝ። የእጃቸውን ጀርባ ሳያስነኩ ወደ ሞዞው አስጠጉ፤ ሙቀቱን ከለኩ በኋላ ነኩት። ለብ ያለ ከሆነ ደኅና ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ መኪናው ከዚያ አይንቀሳቀስም። ቀጥለው በክሪክ አነሡትና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት፤ አሽከርክረውም ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ዘመዶቼ ከመሄዳቸው በፊት ከእኚህ ሰው ጋር ግማሽ ቀን እንዲውሉ ለምኛለሁ።

ጎማን ደግሞ በጥርሱ ብቻ አትመኑት። የጀልባ ተሳቢ ጎማ ከመሄድ ይልቅ መቆም ይጎዳዋል፤ ፀሐይ እየመታው ጎኑ ይሰነጣጠቃል። ጎኑ ላይ ካለው የፋብሪካ ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ 2319 ማለት በአውሮፓውያን 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ አዲስ ቢመስልም በአፋር ሙቀት አላምነውም። ነፋሱ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ለተሳቢ ተብለው ከሚሠሩት ጎማዎች ብዙዎቹ በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ፍጥነት አልተሠሩም።

የመኪናው ክሪክ ከተሳቢው ሥር ላይገባ፣ የመኪናው የጎማ መፍቻም ለተሳቢው ዳዶ ላይሆን ይችላል። መለዋወጫ ጎማውን፣ እስኮርታውን፣ አንድ ጊዜ ግቢ ውስጥ ቀይራችሁ ሞክሩ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በዚያች አጭር መንገድ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ከደሴ ወደ ሐይቅ ደግሞ ቁልቁለቱ ይጠብቃል። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ቁልቁለት ላይ መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው በከባድ ማርሽ መውረድ ነው እንጂ ፍሬን እየረገጡ ማቃጠል አይገባም። ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ መጎተቻው ላይ ይረፍ። ሞተሩና ዕቃው ወደ ኋላ ከከበደ ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል፣ መኪናውንም ከመስመር ያስወጣዋል። ዳገት ላይ ከቆማችሁ ማንም ከመኪናው ሥር ሳይገባ ጎማው እንዳይንሸራተት ታኮ ይደረግ። እንደ አገራችን ልማድ ለማስጠንቀቂያ ቅጠልና ድንጋይ ካኖራችሁም ስትነሡ ድንጋዩን አንሡ። በጨለማ የሚመጣው የሰው ልጅ ነው።

ግራሶውን፣ ጎሚኒውንና ኩሽኔታ የተገጠመለት ሙሉ ሞዞ በሻንጣዬ ይዤ መጥቼ ጋራዡ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ተሳቢው ጅቡቲ ሲደርስ ሞዞው የሚገባበትን የአክስል ጫፍ ውፍረት ለክታችሁ ጻፉልኝ፤ ልኩ ካልገጠመ ትክክለኛውን ከዚያ እልካለሁ፤ እስኪደርስ ግን ከወደቡ አትነሡ።