ለእባብ አይጥ ከነሕይወቷ ስንሰጥ፦ ጅማ ላይ የምሠራበት መንገድ

አይጥ ከነሕይወቷ እባብ ሳጥን ውስጥ ስትገባ አደጋ ላይ የምትወድቀው እሷ ብቻ አይደለችም። ያልራበው እባብ አይጥ አጠገቡ ብትመላለስም ዝም ብሎ ይተኛል፤ ስትነክሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ራሱን አይከላከልም። አይጧ ግን ጭንቀትና ረሃብ ሲበረታባት ያገኘችውን ማኘክ ትጀምራለች። ሳጥኑ ውስጥ የሚታኘከው ደግሞ የእባቡ ጅራት፣ ጀርባና ዐይን ነው። አብራው ያደረች ትልቅ አይጥ ቆዳውንና ሥጋውን አልፋ አጥንቱን ልታጋልጥ ትችላለች። ስለዚህ ከነሕይወት መመገብን የምጠቀምበት ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ዓላማዬም እባቡን ቀስ በቀስ ወደ ሞተ ምግብ ማሻገር ነው።

የምይዘው ቡናማውን የቤት እባብ ነው። መርዝ የለውም፤ ተጠምጥሞ ይገድላል፤ የሚያድነውም በሌሊት ነው። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ስለሚያስቀጣ ፈቃዱ ከሳጥኑም ከአይጡም ይቀድማል። እፉኝትና ሌላ መርዛማ እባብ ቤት ውስጥ ስለመያዝ ጨርሶ አላወራም፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነሱ አይሠራም።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው አይጧ ከየት እንደመጣች ነው። ከቡና መጋዘን፣ ከሂርማታ ገበያ እህል መደብር ወይም ከሰው ጓዳ የተያዘች አይጥ አልሰጥም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ የሚገድለው ከቀናት በኋላ ነው፤ እስከዚያው አይጧ ጤነኛ መስላ ትሮጣለች፤ እባቡ ሲውጣት መርዙንም አብሮ ይውጣል። የዱር አይጥ ጥገኛ ትላትልና ሰውን የሚያሳምም የሌፕቶስፒራ ባክቴሪያ ልትይዝም ትችላለች። በዚያ ላይ ንክሻዋ ከነጯ የላቦራቶሪ አይጥ ይብሳል።

ስለዚህ ነጭ ትንንሽ አይጦችን ራሴ አረባለሁ። ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ይበቃል። እርግዝናው ከ19 እስከ 21 ቀን ነው፤ ግልገሎቹ በ2 ሳምንት ገደማ ዐይናቸውን ይገልጣሉ፤ በ21 ቀን ከእናታቸው ይለያሉ። ያኔ ወንዱን ከሴቱ ካልለዩ በ6ኛው ሳምንት ራሳቸው መዋለድ ይጀምራሉ። ቤታቸው ሽቦ ይሁን፤ ፕላስቲክ ይበሱታል፤ የሽቦው ቀዳዳም ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። በቆሎ፣ ስንዴና ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ይበላሉ፤ ውኃ መጥፋት የለበትም። ለመኝታቸው የተቀዳደደ ካርቶን እጠቀማለሁ። የጥድ ሰጋቱራ ሽታው ሳንባቸውን ይጎዳል። የቡና ገለባ እዚህ እንደልብ ቢገኝም ካፌይን አለው፣ ቶሎም ይሻግታል።

መጠኑን በዐይን አልገምትም፤ በወጥ ቤት ሚዛን እመዝናለሁ። ለወጣት እባብ የምግቡ ክብደት ከራሱ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን፤ 100 ግራም ለሚመዝን እባብ ከ10 እስከ 15 ግራም የምትመዝን አይጥ ማለት ነው። ሚዛን ከሌለ የአይጧ ውፍረት ከእባቡ ወፍራም የሰውነት ክፍል አይብለጥ። ግልገል እባብ በየ5 እስከ 7 ቀን፣ ያደገ በየ10 እስከ 14 ቀን ይመገባል። ለትንንሾቹ ዐይኗን ያልገለጠች ግልገል አይጥ ከሁሉ ትሻላለች፤ መንከስ አትችልም።

ጅማ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሙቀቱን ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እባብ የራሱን ሙቀት ስለማያመነጭ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ የዋጠው አይፈጭለትም፤ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና ያስመልሰዋል። የሳጥኑ አንድ ወገን ከ30 እስከ 32 ዲግሪ፣ ሌላው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን በሁለት ቴርሞሜትር እከታተላለሁ። መብራት ጠፍቶ በቅርብ የማይመለስ ከመሰለኝ መመገቡን አስተላልፋለሁ። ከበላ በኋላ ከጠፋ ሙቅ ውኃ የሞላሁትን ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ ሞቃቱ ወገን ላይ አስቀምጣለሁ። ካስመለሰ ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን ይረፍ፤ ከዚያ የወትሮውን ግማሽ ብቻ ይሰጠው።

የመመገቢያው ሰዓት ሲመሽ ነው። ዐይኑ ወተት የመሰለ እባብ ቆዳውን ሊቀይር ነውና በደንብ አያይም፤ ለእሱ በሕይወት ያለች አይጥ አልሰጥም። ለአይጧ አስቀድሜ እህልና ውኃ እሰጣለሁ፤ የጠገበች አይጥ ለመንከስ አትቸኩልም፣ እሷንም በመጨረሻ ሰዓቷ ማስራብ ተገቢ አይደለም። ከሳጥኑ መደበቂያዎቹን አወጣለሁ፤ ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚረዝም መቆንጠጫ ጅራቷን ከሥሩ ይዤ ከእባቡ ራስ ራቅ አድርጌ አወርዳታለሁ። ከዚያ በኋላ ዐይኔን አልነቅልም። እባቡ አንገቷን ወይም ደረቷን ከያዘ ነገሩ በፍጥነት ያልቃል፤ ሲጠመጠም ደሟ መዘዋወሩን ያቆማል። ከኋላ ከያዛት ግን አፏ ነጻ ነውና ወዲያው ዞራ ትነክሰዋለች። ለዚህ ወፍራም የእንጨት ማንኪያ አጠገቤ አዘጋጃለሁ፤ በጥርሷና በእባቡ ገላ መሃል ሳስገባው እንጨቱን ትነክሳለች። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልያዛት አወጣታለሁ። ስልክ ቢጠራም፣ እንግዳ ቢመጣም ብቻቸውን ትቼ አልሄድም። ከዋጠ በኋላ ለ48 ሰዓት አላነሳውም።

ወደ ሞተ ምግብ ማሻገሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ወዲያው የተገደለች አይጥ፣ ቀጥሎ ከፍሪዘር የወጣች እሰጣለሁ። አገዳደሉን ከእንስሳት ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ በሠለጠነ እጅ አንገቷ በቅጽበት ሲለያይ አትሠቃይም። ከነሕይወቷ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ግን ጭካኔ ነው፤ ማንም እንዲያደርገው አልፈልግም። የበረደችውን ማታ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ፤ ከዚያ በፌስታል አድርጌ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውኃ አሞቃታለሁ፤ ሆዷን ስጫን በረዶ ሊሰማኝ አይገባም። ማይክሮዌቭ ከፊሏን ያበስላል፣ ከፊሏን ጥሬ ይተዋል። ዘንዶ ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚያውቅበት ጉድጓድ ስላለው ሙቀቷ ብቻ ሊያሳምነው ይችላል። የቤት እባብ ይህ የለውም፤ የሚከተለው ሽታና እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ የሞተችውን አይጦቹ በተኙበት ካርቶን አሻሽቼ በመቆንጠጫ ቀስ እያልኩ አንቀሳቅሳታለሁ። እምቢ ካለ በሳምንቱ እሞክራለሁ። ጤነኛ ያደገ እባብ ለሳምንታት ሳይበላ ይቆያል፤ የሚያሳስበኝ ክብደቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ነው። መብራት ጠፍቶ የቀለጠ አይጥ መልሼ አላቀዘቅዝም፤ እቀብረዋለሁ።

ንክሻ ከደረሰ ቁስሉን በንጹሕ የጨው ውኃ አጥባለሁ፤ ቀለሙ ስስ ሻይ እስኪመስል የቀጠነ ቢታዲን እቀባለሁ፤ እስኪድን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አኖረዋለሁ። ዐይን ከተነካ ወይም ቁስሉ ከጠለቀ ለሐኪም ነው፤ በከተማችን ሙያው የሚሰጠው በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው።

እባብም አይጥም ሰውን የሚያስቀምጥ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። መቆንጠጫውንና ሳጥኑን ሰሃን በሚታጠብበት አላጥብም፤ አንድ እጅ በረኪና በ10 እጅ ውኃ በጥብጬ 10 ደቂቃ አቆይና በደንብ አለቀልቃለሁ። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ሳጥኑንም አይጦቹንም አይነኩም።