ገመዱ አልመጣ ያለኝ ቀን

ከሐረር ወደ ጅጅጋ ስትሄዱ ባቢሌን እንዳለፋችሁ የዳካታ ሸለቆ ይጀምራል። ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተቆልሎ፣ አንዳንዱ በጣት ቢነኩት የሚንከባለል ይመስላል። አምና ከአንድ የሐረር ጓደኛዬ ጋር እዚያ በገመድ ታስሬ አንድ የአለት ስንጥቅ ተከትዬ ስወጣ፣ ከመሬት ሃያ አምስት ሜትር ያህል ላይ ገመዱ አልመጣ አለኝ። በግራ እጄ አለቱን ጨብጬ በቀኜ ሳብኩት። አንድ ክንድ መጣና ቆመ። ጓደኛዬ ከታች ወጥሮ የያዘብኝ መስሎኝ «አላላልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«አቦ ልል ነው! እግሬ ስር ተከምሯል!»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ሁለተኛዋ ወጣች» አለኝ። ሁለተኛዋ ያላት፣ ከመሬት ስምንት ሜትር ላይ ስንጥቁ ውስጥ የሸጎጥኳት ሽብልቅ ናት፤ እኛ ወጪዎቹ «ናት» የምንላት ባለ ሽቦ ብረት። ከነካራቢነሯ፣ ማለትም ገመዱ ከሚያልፍባት ባለ በር የብረት ቀለበት ጋር፣ በገመዱ ላይ ተንሸራታ እሱ ጋ ደርሳለች። ሦስተኛዋም ተከተለቻት። አልወደቅኩም፤ እየተንቀጠቀጥኩ ወጥቼ ጨረስኩት። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የላይኛዋ ሽብልቅ ብትነቀል ኖሮ ከበታቿ የሚይዘኝ ብዙ አልነበረም።

ያን ቀን የያዝኳቸው ካራቢነሮች ጥራት ያላቸው ነበሩ። እነሱን ለመምረጥም ብዙ ደክሜያለሁ። ጥፋቱ የት እንደነበር ለማስረዳት ከመጀመሪያው ልነሳ።

ስጀምር ገበያ ካለ አንድ ሱቅ አራት የሚያብረቀርቁ ካራቢነሮች ገዛሁ። ወስጄ ለአጎቴ አሳየሁት። አጎቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሸክም ማንሻ መንጠቆና ሰንሰለት ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። አገላብጦ አየና «ልጄ፣ ጽሑፉ የታለ?» አለኝ። የትኛውም ላይ አንዲት ቁጥር አልተቀረጸችም። ከዚራ ያለው ግቢው ውስጥ አንዷን በሞርሳ አሰራት፣ በሯን በሽቦ ከፍቶ ያዘው፣ ከሌላኛው ጫፍ ፓራንኮ፣ ማለትም የሰንሰለት ማንሻ፣ አስገባና ሁለታችንም ከብረት በሩ ኋላ ቆመን ሰንሰለቱን ሳበ። ብዙም ሳይጎትት ካራቢነሯ ተዘርግታ እንደ መንጠቆ ሆነች። አጎቴ ምንም አላለኝም። የቀሩትን ሦስቱን ሰብስቦ ለራሱ የቁልፍ ማንጠልጠያ አደረጋቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ቅርጹ ነው ወይ? አይደለም፤ ወገቡ ላይ የተቀረጸው ነው። ለአለት መውጫ የተሠራ ካራቢነር የአውሮፓውን ኢኤን 12275 መስፈርት ያሟላል፤ ብዙዎቹ የዓለም አቀፉ የተራራ ወጪዎች ፌዴሬሽን የዩአይኤኤ ምልክትም አላቸው። ከሥሩ ሦስት ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ መለኪያቸው ኪሎኒውተን ነው። አንዱ ኪሎኒውተን የመቶ ኪሎ ክብደት ያህል ነው ብላችሁ ያዙት። የመጀመሪያው፣ በሩ ተዘግቶ በቁመቱ ሲሳብ የሚችለው፣ ለተራው ዓይነት ቢያንስ 20 ነው። ሁለተኛው በጎኑ ሲሳብ፣ ሦስተኛው በሩ ተከፍቶ በቁመቱ ሲሳብ፤ የሁለቱም ዝቅተኛ ልክ 7 ነው።

ከ20 ወደ 7 መውረዱን ልብ በሉ። «ሰባት መቶ ኪሎ ለእኔ ምን አነሰኝ» ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። የሚወድቅ ሰው ግን እንደተሰቀለ ዕቃ አይደለም። ነጠላ ገመድ በመስፈርቱ ፈተና ላይ ሊያደርስ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ምት 12 ኪሎኒውተን ነው። በዚያ ላይ የላይኛዋ ካራቢነር የወዳቂውን ብቻ ሳይሆን የገመድ ያዡንም ጉተታ አብራ ትሸከማለች። በሯ ተከፍታ ከተገኘች የአጎቴ ሞርሳ ላይ ያየነው ነው የሚደርሰው።

በር ደግሞ በራሱ ይከፈታል። ሲወድቁ ገመዱ በፍጥነት ሲሮጥ በሩን ያርገበግበዋል፤ ካራቢነሩ አለት ላይ ሲላተምም ወፍራሙ በር በራሱ ክብደት ለቅጽበት ወደ ውስጥ ይገባል። የሽቦ በር የምመርጠው ለዚህ ነው። ሽቦው ቀላል ስለሆነ መርገብገቡ ይቀንሳል፣ ውርጭ ባለበትም እንደ ወፍራሙ በር በበረዶ አይያዝም። አንድ ጉድለት አለው፦ የብዙዎቹ አፍንጫ መንጠቆ መሳይ ጥርስ አለው፣ የሽብልቅ ሽቦ ይይዛል። በአንድ እጅ ተንጠልጥላችሁ ሽብልቅ ከካራቢነር ለማውጣት ስትታገሉ የሚሰማውን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሽብልቆቼን የምሰቅልበት አፍንጫው ልሙጥ የሆነ ወፍራም በር ነው፤ ለገመድ ግን የሽቦ በር። መቆለፊያ ያላቸውንም ሦስት ይዣለሁ፤ ከእነሱ አንዷ ገመድ በቋጠሮ ለመያዝ እንድትመች ሰፊና እንደ ፒር ፍሬ ያለ ቅርጽ ያላት ናት። ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ቁልፉን መዝጋት አትርሱ።

ይህን ሁሉ አጥንቼ፣ ዘመድ ከጀርመን ሲመጣ ጥሩ ጥሩዎቹን አስመጣሁ። ዳካታ ላይ ይዣቸው የወጣሁት እነሱን ነው። እና ያልመረጥኩት ነገር ርዝመቱ ነበር።

ኩዊክድሮ የምንለው በጥብጣብ የተያያዙ ሁለት ካራቢነሮችን ነው፤ አንዱ ሽብልቋን፣ ሌላው ገመዱን ይይዛል። ሁለቱን የሚያገናኘው ጥብጣብ በእኔዎቹ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ነበር። ቡሎን በተተከለበት፣ ቀጥ ባለ ገጽ ላይ ይህ ይበቃል። ዳካታ ላይ ስንጥቁ ከአንዱ ቋጥኝ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ገመዱ ቀኝ፣ ግራ፣ ከጠርዝ በላይ፣ ከሆድ በታች እየተጠማዘዘ ነበር። እያንዳንዷ ጥምዝ ፍትጊያ ትጨምራለች፣ አንዱ ፍትጊያ በሌላው ላይ እየተደራረበ በመጨረሻ ገመዱ አለቱን ራሱን የሚጎትት ያህል ይከብዳል። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ሲወጠር ገመድ መቃናት ይፈልጋል። ጥብጣቡ አጭር ከሆነ ለመቃናት ያለው መንገድ ሽብልቋን ወደ ውጭና ወደ ላይ መሳብ ነው። ሽብልቅ ደግሞ የምትይዘው ወደ ታች ስትሳብ ብቻ ነው። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን የነቀልኳቸው እኔው ራሴ ነኝ፣ ገመዱን በጎተትኩ ቁጥር።

አሁን ከአሥራ ሁለቱ ኩዊክድሮዎቼ ስምንቱ የሚዘረጉ ናቸው። 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጥብጣብ ሁለት ካራቢነር ይገባበታል፤ አንዱን ካራቢነር በሌላው ውስጥ አሳልፋችሁ የተፈጠረውን ቀለበት መልሳችሁ ስትይዙ ጥብጣቡ ሦስት እጥፍ ይሆንና ያጥራል። ሲያስፈልግ ከሦስቱ ሁለቱን ቀለበት አውልቃችሁ ብትስቡት ይዘረጋል። ሁለት ደግሞ 120 ሴንቲ ሜትር አለኝ፤ የቋጥኝ ጥግ ለመዞር ወይም ቋጥኙን ራሱን ለማሰር። ዳካታ ላይ ከሽብልቅ ይልቅ እነዚህ ሠርተውልኛል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታነቡ እለምናለሁ። በአጭሩ ኩዊክድሮው ላይ የገመድ ካራቢነሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ላስቲክ አለ። ያንን ላስቲክ በሚዘረጋው ጥብጣብ ላይ አታድርጉ። ጥብጣቡ ሲገለባበጥ አንዱ ቀለበት በካራቢነሩ ውስጥ ያልፍና፣ ሁሉም ነገር የተያዘው በላስቲኩ ብቻ ይሆናል። ላያችሁ ላይ ሲሰቀል ጤነኛ ይመስላል። ጓደኛዬ «እንዳይንሸራተት» ብሎ ሁለቱ ላይ አድርጎ ነበር፤ እጄ ላይ አንዱን አዙሬ ሳሳየው ካራቢነሩ ወድቆ ቀረ። በዚያው ምሽት ሁለቱንም ላስቲክ ቆርጦ ጣለ።

የጥብጣቡ ዓይነትም ያከራክረናል። ዳይኒማ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ቀጭንና ቀላል ነው፣ ውሃም አይጠጣም። ግን 145 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ናይለን ከ200 በላይ ይችላል። ዳይኒማ ልሙጥ ስለሆነ ቋጠሮም አይይዝም፣ አይለጠጥምም። ስለዚህ ለመውጫ ዳይኒማ፣ ቋጠሮ ለሚበዛበትና ራሴን ለማስርበት ናይለን። ሁለቱንም ፀሐይ ያደክማቸዋል። የድሬን ፀሐይ ለምታውቁ ዕቃችሁን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወይም መኪና መስታወት ሥር አትተዉ ማለት አያስፈልገኝም።

በዓመቱ ተመልሰን ያንኑ መስመር ወጣሁት። በየጥምዙ ጥብጣቡን ዘረጋሁ፣ የመጀመሪያዋን ሽብልቅ ወደ ላይ እንዳትነሳ ከሥሯ በተቃራኒ ሌላ አስገብቼ አሰርኳት። ሃያ አምስተኛው ሜትር ላይ ደርሼ ገመዱን በሁለት ጣት ሳብኩት። መጣ።

አሁን የምንዘጋጀው ለኬንያ ተራራ ነው፤ ባቲያን የተባለው ጫፉ 5,199 ሜትር ነው፣ መወጣጫውም አለት። እዚያ ጓንት ይደረጋል። ትንንሾቹ ካራቢነሮች ከሃያ ግራም ትንሽ ቢበልጡ ነው፣ ቀላልነታቸው ያጓጓል፤ ግን በጓንት ይያዙ እንደሆነ ማወቅ ነበረብን። አጎቴ በረንዳ ላይ ገመድ ሰቅለን፣ በድሬ ቀትር የሱፍ ጓንት አድርገን አንድ በአንድ ሞከርናቸው። አጎቴ ሰዓት ያዘልን። ከትንንሾቹ አንዷን ለመክፈት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ጣቴ አብሮ ገባ። ትላልቆቹ በመጀመሪያው ያዙ። ትንንሾቹን ዳካታ ላይ እንድንጠቀምባቸው ለይተን አስቀመጥን፤ ለኬንያ ስምንቱም ጥብጣቦች ትልልቅ ካራቢነር ገባላቸው።