ባለፉት ሰባት ቀናት ምን በላችሁ?

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ "ዳታ ኮሌክተር'ኮ ታብሌት እየነካካ አበል የሚበላ ነው" ሲል ሰማሁትና በጣም ከፋኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ልጻፈው ልጻፈው እያልኩ ነው። እኔም ዳታ ኮሌክተር ሆኜ ለሴፍቲኔት ግምገማ ቤት ለቤት ዞሬ ጠይቄያለሁ። ደቡብ ወሎ ለጋምቦ፣ ከአቀስታ ወጣ ብሎ፣ ጠዋት ከብርዱ የተነሳ እጅ አልታዘዝ የሚልበት ደጋ ነው፣ እዛ ብዙው ሰው በልግ ነው የሚጠብቀው፣ በልግ ከቀረ ገብሱም ቀረ።

ለማታውቁት ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም የተጀመረ ፕሮግራም ነው፣ በየአመቱ ለወራት ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ ብር ወይ እህል ይሰጣል፣ ጉልበት ያለው እርከን ይሰራበታል፣ መስራት የማይችለው በቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ራሱን ቻለ የተባለ ደግሞ ይመረቃል። ምረቃ ሲባል ጥሩ ነገር ይመስላል አይደል? እዛ ግን "ተመረቅሽ" ማለት ከመዝገብ ወጣሽ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ የማይታወቅ ሰው ታብሌት ይዞ መጥቶ "ስንት በግ አላችሁ" ሲል ሰዉ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ኮንሰንቱን፣ ማለትም ፈቃዳቸውን የሚጠይቀውን ጽሁፍ አነበብኩላቸው፣ መልሱ በሚስጥር እንደሚያዝ፣ ከሴፍቲኔት እንደማያስወጣም እንደማያስገባም ነገርኳቸው፣ "እሺ ልጄ፣ ጠይቅ" አሉኝ። መጀመሪያ የቤተሰብ አባላት ነው የሚመዘገበው፣ በእኛ መጠይቅ አባል ማለት ከአንድ ማዕድ የሚበላና ካለፈው 12 ወር ቢያንስ 6ቱን እቤት የኖረ ነው። እሳቸው ጅዳ ያለችውን ልጃቸውን አንደኛ አስቀደሟት። ሄዳ ሶስት አመቷ ነው። "እማማ፣ እሷ እዚህ ላይ አትገባም" ስላቸው "ምነው? ከኔ አልተወለደችም?" አሉኝ፣ ምን ልበላቸው። በኋላ ገቢ የሚለው ክፍል ስንደርስ ገባች፣ ከውጭ የተላከ ገንዘብ በሚለው ስር፣ በስሟ ሳይሆን በብር።

ከብት ላይ ስንደርስ ሁሉም "የለኝም" ሆነ። በግ የለኝም፣ ዶሮ የለኝም፣ ይህን ሲሉ አንዲት ቀይ ዶሮ በእግሬ ስር አልፋ ምድጃው ጋ አመድ ትጭራለች። ሁለታችንም አየናት። ስልጠና ላይ የተነገረን ሰው ያለውን ጻፍ፣ አትከራከር፣ አታፋጥጥ ነው፣ ዜሮ ብዬ አለፍኩ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የምግቡ ነው። ባለፉት ሰባት ቀናት ቤት ውስጥ ምን ተበላ፣ ገብስ ስንት፣ ባቄላ ስንት፣ ዘይት ስንት። ሰው በ"ሰባት ቀን" አያስብም፣ ስለዚህ "ከባለፈው ገበያ ወዲህ" እያልኩ ነው የምጠይቀው፣ ያኔ ሁሉም ይመጣል፣ የገዙትም ያስፈጩትም። መልሱ በቁና ነው በጣሳ ነው በእፍኝ ነው፣ የአንዱ ገበያ ቁና ደግሞ ከሌላው አይገጥምም፣ ወደ ኪሎ ለመመለስ ራሱን የቻለ ስራ አለው። ደግሞም እኮ ምን በላችሁ ብሎ መጠየቅ ገመና መግለጥ ነው፣ ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ እየሰማ ማንም እናት "ማክሰኞ ለልጆቼ ራት አልነበረኝም" አትልም። ጎረቤቱን በትህትና ሸኝቶ ዝቅ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፣ እኛ ግን በቀን አራት ቤት ጨርሱ ተብለናል። ይሄ እስከዛሬ ያናድደኛል፣ ሁለት ሰአት የሚፈጅ መጠይቅ አራት ቤት በምን ተአምር ነው በስርአቱ የሚያልቀው።

ኢፍፕሪ የሚባለው የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ከማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጋር ከ1998 ጀምሮ የሴፍቲኔት ቤተሰቦችን በየሁለት አመቱ እየተመለሰ ሲጠይቅ ነበር። ከዛ ዳታ የወጣ አንድ ውጤት አለ፣ አምስት አመት ድጋፍ ያገኘው አንድ አመት ብቻ ካገኘው ጋር ሲወዳደር ምግብ የሚያጥርበት ጊዜ በ1.29 ወር ቀንሶ ተገኘ። አንድ ወር ከሳምንት በላይ እኮ ነው! ያቺ ቁጥር የተሰራችው ደጃፍ ላይ "ስንት ወር አጠራችሁ" ተብለው አስበው፣ በጣታቸው ሰኔ ሐምሌ ነሐሴ እያሉ ቆጥረው ከመለሱ ሰዎች ነው። አንዱ ዳታ ኮሌክተር ቤት ሳይገባ ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ ከራሱ ከሞላት እንደዛ ያለች ቁጥር ውሸት ትሆናለች፣ በዛች ቁጥር ደግሞ ነው በጀት የሚወሰነው።

ስንጨርስ እማማ "ከዚህ ምን አገኛለሁ?" አሉኝ። አንዳንዱ ልጅ "ድጋፍ ይመጣል" እያለ ያልፋል፣ እኔ አልቻልኩም። "እርስዎ ምንም አያገኙም እማማ፣ ፕሮግራሙ ይሰራል አይሰራም የሚለው እንዲታወቅ ነው" አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆሎ አቀረቡልኝ፣ ቦርሳዬን ስይዝ "ቆይ" አሉኝ።

"ያንን የዶሮውን መልሰው። ሶስት ናቸው። አንድ በግም አለች፣ የልጄ ናት፣ እሷ በላከችው ነው የገዛኋት።"

ተመልሼ ቁጭ አልኩና ታብሌቱን ከፈትኩ።