ከ«ሰርዝ» ጀርባ ያለው ዋጋ

ማይክሮሶፍት ላይ የተከፈተውን ክስ ካነበብኩ ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ገንዘቡ አይደለም። ርካሹ ፕላን የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ነገሩን ላልተከታተለ ሰው በአጭሩ ልንገር። ወርድና ኤክሴል የሚመጡበት ማይክሮሶፍት 365 እዚህ አውስትራሊያ ለአንድ ሰው በዓመት 109 ዶላር ነበር። በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ላይ ኮፓይለት የተባለው የኤአይ ረዳት ተጨመረበትና 159 ዶላር ገባ። የቤተሰቡ ከ139 ወደ 179 ወጣ። ለደንበኛው ኢሜይል ደረሰው። ዋጋው ጨምሯል፣ ካልፈለግህ መሰረዝ ትችላለህ ይላል። ክፈል ወይ ውጣ፤ በቃ። ለካስ ሦስተኛ ምርጫም ነበር። «ክላሲክ» ይባላል። ኮፓይለት አልነበረውም፣ ዋጋው የድሮው ነበር። እሱን ለማየት ግን መጀመሪያ «ደንበኝነቴን ሰርዝ» ብለህ መጀመር ነበረብህ።

መርካቶ ውስጥ ዋጋ አልስማማ ብሎህ ፊትህን ስታዞር «ና እንጂ፣ ና!» ብሎ የሚጠራህ ነጋዴ አለ አይደል? እሱ ነው። ልዩነቱ መርካቶ ስትሄድ ጨዋታውን አንተም ታውቀዋለህ። እዚህ ግን ካርድህ ተመዝግቦ ዝም ብሎ ይቆረጣል። ማን ዞር ብሎ ሊያይ?

ሰው ሁሉ ኤሲሲሲ የሚለው የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ነገሩን በኦክቶበር 2025 ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወሰደው። እንደ ኮሚሽኑ አባባል ጉዳዩ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞችን ይነካል። ኩባንያውም ብዙ ሳይቆይ ይቅርታ ጠይቆ፣ ወደ ክላሲክ ለሚመለሱ ልዩነቱን እከፍላለሁ አለ። ይቅርታው ጥሩ ነው። ግን ከክሱ በኋላ መምጣቱን ልብ በሉልኝ።

እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ እየተጫንኩ የተባለውን መሥራቱን አያለሁ። ስለ ማይክሮሶፍት ስብሰባ አይደለም የማወራው፤ በሙያው ውስጥ ስላለው ልማድ ነው። ማንም ሰው ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ «ደንበኛውን እናታለው» አይልም። የሚባለው ሌላ ነው። «ሊሰርዙ ከገቡት ውስጥ ስንቱን አስቀረን?» ይባላል። ያ ቁጥር በየሳምንቱ ስክሪን ላይ ይወጣል። ቁጥሩ ከፍ እንዲል አንዱ ሐሳብ ያመጣል፦ ርካሹን እዚያ ጋ እናሳያቸው። ቲኬት፣ ማለትም የሥራ ትእዛዝ፣ ይከፈታል። ቲኬቱ «በሦስተኛው ገጽ ላይ ርካሹ ፕላን ይታይ» ይላል። ቴስተሩ፣ እንደ እኔ ያለው ፈታሽ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያየዋል፣ አለ፣ አረንጓዴ ምልክት ያደርጋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለመኖሩን ግን ማንም አልጠየቀውም። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ እንደ ብልሽት አይመዘገብም። እንዲህ ነው ደጋግ ሰዎች ተሰብስበው መጥፎ ገጽ የሚሠሩት።

ይህን ሁሉ የምለው የእትዬ ስልክ ስላስታወሰኝ ነው።

እትዬ የእናቴ ባልንጀራ ናቸው፤ ሜልበርን ውስጥ ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። ስልካቸውን ከአንድ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ወደ 900 ዶላር ከፍለው ነው የገዙት። ዓመት ከምናምን ሲሞላው ቻርጅ አልቀበል አለ። ገመድ ቀየሩ፣ ቻርጀር ቀየሩ፣ የልጅ ልጃቸው ቀዳዳውን በስንጥር ጠረገው፤ ወይ ፍንክች። መደብሩ ሄደው ሲጠይቁ ዋራንቲው አንድ ዓመት ነው፣ አልፏል ተባሉ። እሳቸውም አመስግነው ወጡ! አመስግነው። ይሉኝታቸው አያድርስ ነው። አዲስ ሊገዙ ሲሉ ነው እኔ ጆሮ የደረሰው።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ደረሰኙን በጥንቃቄ አስቀምጠውታል፣ ግን የሱቅ ደረሰኝ ነገር ታውቁታላችሁ፤ ጽሑፉ ሁሉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆኗል። የሱቁ ስም ግማሹ ብቻ ይታያል። ችግር የለውም። የባንክ አፓቸውን ከፍተን ክፍያውን ከነቀኑ አገኘነው። የግዢ ማስረጃ የግድ ደረሰኝ መሆን የለበትም፤ የባንክ ስቴትመንትም ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ነው ቤቱ የሚቀረው።

ባንኮኒው ላይ የነበረው ልጅ ትሑት ነው። «ዋራንቲው አልቋል፣ አምራቹን አነጋግሩ» አለ። ቀጠለና፣ ያኔ የተራዘመውን ዋራንቲ ገዝታችሁ ቢሆን ኖሮ አለ። እትዬ እጄን ይዘው በአማርኛ ሹክ ይሉኛል።

«ተው ልጄ፣ ሰው ያየናል። ልጁንም አታስጨንቀው።»

«አላስጨንቀውም፣ እትዬ። አንድ ነገር ብቻ ልበለው።»

ልጁን፣ የመጣነው በዋራንቲው አይደለም፣ በአውስትራሊያ የሸማቾች ሕግ ነው አልኩት። ድምፄን እንኳ ከፍ አላደረግኩም። ልጁ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ «አንዴ ማናጀሬን ልጥራ» ብሎ ገባ። ማናጀሩ ቡናውን እንደያዘ መጣ። ሕጉን አላስረዳሁትም፤ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ስልኩን ለምርመራ ተቀበለ፣ ቅጽ ሞላ፣ በኋላም ለእትዬ ሌላ ስልክ ተሰጣቸው።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቷቸውን እየታገሉ «ያንን ልጅ ምን አልከው?» አሉኝ። የሕጉን ስም ነው የጠራሁት አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እና መጀመሪያ ስሄድ ለምን አልነገሩኝም?» አሉ።

ለምን ይነግሯቸዋል? ሦስተኛው ምርጫ ያለው ለሚያውቅና ለሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው። ሱቅም ሆነ ስክሪን፣ ሥሪቱ ያው ነው።

ሕጉ ግን ውብ ነው፤ ይህን ሳልል አላልፍም። ከጃንዋሪ 2011 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ይሠራል። የገዛኸው ዕቃ ተቀባይነት ያለው ጥራት ሊኖረው ይገባል። ለስንት ጊዜ? ቁጥር አልተጻፈም። እንደ ዋጋውና እንደ ዓይነቱ፣ ለምክንያታዊ ጊዜ ነው የሚለው። የ15 ዶላር ማንቆርቆሪያና የ2,000 ዶላር ቴሌቪዥን እኩል አይታዩም። የአምራቹ ዋራንቲ ቢያልቅም ይህ መብት አብሮ አያልቅም። ኃላፊው የሸጠልህ ሱቅ ነው፣ ወደ አምራቹ ገፍትሮህ ሊገላገል አይችልም። ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ወይስ ምትክ የሚለውን የምትመርጠው አንተ ነህ። ግድግዳ ላይ «ገንዘብ አንመልስም» ብሎ መለጠፍ ራሱ ሕገወጥ ነው። ስለዚህ ያ የተራዘመ ዋራንቲ የሚባለው ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅህ ያለውን መብት መልሶ ለራስህ መሸጥ ነው።

ጥርስ የሌለው አንበሳም አይደለም። ስቲም የተባለውን የጌም መደብር የያዘው ቫልቭ፣ እኔ አሜሪካ ነኝ፣ የእናንተ ሕግ አይነካኝም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ፌዴራል ፍርድ ቤቱ ይነካሃል ብሎ በ2016 ሦስት ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። አፕልም በ2018 ዘጠኝ ሚሊዮን ተቀጣ፤ አይፎናቸውን ሌላ ቦታ ያሠሩ ሰዎች ከአፕዴት በኋላ ስልኩ ሲዘጋባቸው፣ ሌላ ሰው ስለነካው መብት የላችሁም ብሏቸው ነበር። የሳምሰንግ ደግሞ ያስቀኛል። ማስታወቂያው ላይ ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው መዋኛ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ታያለህ። እንደዚያ ያደረገ ሰው ግን የቻርጅ ቀዳዳው ሊዝግበት ይችል ነበር። በ2022 አሥራ አራት ሚሊዮን ከፈሉ።

እነዚህ ቁጥሮች ለእኔና ለአንተ ትልቅ ናቸው። ለእነሱ ግን... ተዉት።

በዚሁ ወሬ ላይ እያለሁ፣ የስልክ ኩባንያው የኦፕተስ ነገር ከሁሉም ይበልጥ ያናድደኛል። በ2025 ፍርድ ቤት መቶ ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ሻጮቹ ለአካል ጉዳተኞች፣ እንግሊዝኛ ለማይሆንላቸው፣ ሩቅ አካባቢ ለሚኖሩ የአገሬው ነባር ሕዝቦች፣ ያልፈለጉትንና መክፈል የማይችሉትን ስልክና ኮንትራት አስፈርመዋል። አንዳንዶቹ የሚኖሩበት ቦታ የኦፕተስ ኔትወርክ ጭራሽ አይደርስም! ከዚያ ዕዳው ወደ ሰብሳቢ ይላካል። ሻጩ የሚከፈለው በኮሚሽን ነው። እዚህም ያው ቁጥር ነው፤ ስንት ሸጥክ እንጂ ለማን ሸጥክ የሚል የለም። እትዬ እንደዚያ ዓይነት ሻጭ እጅ ቢገቡ፣ እንዳያሳፍሩት ብለው ሦስት ኮንትራት ይፈርሙለታል።

ከሁሉም ጋር ግን አልጣላም። በኦክቶበር 2024 የስልክ ኩባንያዎቹ ቴልስትራና ኦፕተስ አሮጌውን የ3ጂ ኔትወርክ ሲዘጉ የኛ ሰው በጣም ተቆጥቶ ነበር። ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ደህና ስልክ፣ ኢንተርኔቱ በ4ጂ እየሠራ፣ ድንገት ታገደ። ዘረፋ ነው ተባለ። እኔ ግን እገዳውን እደግፋለሁ። ስልኩ ሌላ ጊዜ በ4ጂ ቢሠራም፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 000 ላይ ስትደውል ግን ወደ 3ጂ የሚሄድ ከሆነ፣ 3ጂ በሌለበት አምቡላንስ መጥራት አይችልም። እንዲህ ያለውን ስልክ እንዲያግዱ ኩባንያዎቹን ያስገደዳቸው መንግሥት ነው። ቁጥር 3ን ወደ 3498 ቴክስት ብታደርግ ስልክህ ይታገድ አይታገድ ይነግርህ ነበር። ጥሩ አገልግሎት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ለብዙ ሰው እኔው ራሴ ላክሁላቸው። የምቃወመው አንድ ነገር ነው። አዲስ ስልክ መግዣውን የተሸከመው፣ አሮጌ ስልክ የያዘው ድሃና ሽማግሌው መሆኑ።

ዋጋ የማስወደዱ ታሪክ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ2013 የፓርላማ ኮሚቴ አፕልን፣ ማይክሮሶፍትንና አዶቢን ጠርቶ፣ ለምንድነው እኛ ላይ የምታስወድዱት ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ሳጥን የለው፣ መርከብ የለው፤ በኢንተርኔት የሚወርድ ሶፍትዌር ነው። ቾይስ የተባለው የሸማቾች ድርጅት ያኔ ያቀረበው ስሌት እስካሁን ይወራል። አንድ የማይክሮሶፍት የፕሮግራመሮች ጥቅል እዚህ ከአሜሪካ ከ8,600 ዶላር በላይ ይበልጥ ነበር። በዚያ ልዩነት አንድ ሰው በደመወዝ ቀጥረህ፣ አሜሪካ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ አብርረህ ታስገዛዋለህ፤ ከዚያም ገንዘብ ይተርፍሃል። አሁን በፕሌን መሄድ አያስፈልግም፤ «ሰርዝ» የሚለውን መጫን ይበቃል። እድገት ነው እንግዲህ።

መንግሥት መሰረዝን እንደ መመዝገብ ቀላል የሚያደርግ ሕግ አወጣለሁ ብሏል። ደስ ይለኛል። እኔን ቢጠይቁኝ ግን አንድ መስመር ይበቃ ነበር፦ ሊሰርዝ ለመጣ ሰው የምታሳየውን ዋጋ፣ ላልመጣውም አሳይ። ያኔ ቲኬቱ ላይ ይጻፋል፣ እኛም እንፈትሸዋለን።

የእትዬ ስልክ ወሬ ደግሞ ሰፈሩን አዳርሷል። ሰው የተሰበረ ዕቃ እየያዘ ይመጣብኛል፤ ማይክሮዌቭ፣ የልጅ ታብሌት፣ የማይዞር ልብስ ማጠቢያ። አብዛኛው እውነት አለው፣ ምን ብሎ ኢሜይል እንደሚጽፍ አሳየዋለሁ። ትናንት የመጣው ሰውዬ ግን ያመጣው ምንም ያልሆነ ቴሌቪዥን ነው። ሌላ ሱቅ መቶ ዶላር ቀንሶ አየው። ሐሳብን መቀየር ሕጉ ውስጥ የለም፣ ሱቁ በራሱ ፈቃድ ካልመለሰልህ በቀር መብት የለህም አልኩት። «ለእትዬ ሲሆን ነው ሕግ የምታውቀው?» ብሎኝ ካርቶኑን ተሸክሞ ወጣ።