ሙጫ የማይዘው ፕላስቲክ፦ በኦሊን ኮሌጅ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርቴ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለሚኖሩና ልጆቻቸውን ምህንድስና ለማስተማር ለሚያስቡ የአገሬ ሰዎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለልጆቹ ለራሳቸው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒድሃም በምትባል ከተማ ወደሚገኘው ኦሊን የምህንድስና ኮሌጅ ስገባ የትምህርት ቤቱን ጥሩ ጥሩውን የነገሩኝ ብዙዎች ነበሩ፤ «ከአገር ቤት ይዘሽው የመጣሽው የአጠናን ልማድ እዚያ ይጎዳሻል» ብሎ ያስጠነቀቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። የሚያስጠነቅቀኝ ባገኝ ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደዚያ አላባክናቸውም ነበር።

ኮሌጁን የጠቆሙኝ ሜሪላንድ በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህሬ የነበሩት ሰው ናቸው። የዚያው ትምህርት ቤት የምክር ክፍል ሠራተኛ ግን ስሙን ስነግራት «ማንም የማያውቀው ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ይበቃሻል» አለችኝና የውጤት ማስረጃዬን ሳትልክ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ማስረጃው የተላከው የማመልከቻው ጊዜ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል፤ አሥር ደቂቃ ብታነብ ኖሮ የማታውቀውን ባወቀች ነበር። የኦሊን ፋውንዴሽን ለብዙ ዓመታት ለሌሎች ኮሌጆች ሕንፃ ሲያሠራ ከቆየ በኋላ በ1997 የራሱን የምህንድስና ኮሌጅ ለማቋቋም ወሰነ፤ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይም ሰጠው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ሚለር በ1999 ተሾሙ። በ2001 ደግሞ ገና መደበኛው ትምህርት ሳይጀመር 30 ወጣቶች፣ 15 ሴቶችና 15 ወንዶች፣ ተጠርተው ከመምህራኑ ጋር ሥርዓተ ትምህርቱን ሲሞክሩና ሲቀርጹ አንድ ዓመት ቆዩ። ከሙከራዎቹ አንዱ ጣት ላይ እየተሰካ የደም ኦክስጅን የሚለካውን መሣሪያ በአምስት ሳምንት ውስጥ ሠርተው እንዲያሳዩ መጠየቃቸው ነበር፤ ከሁለተኛ ደረጃ በወጡ ማግስት ሠርተው አሳዩ። የመጀመሪያው መደበኛ ክፍል በ2002 ገባ፤ በ2006 ተመረቀ። በግቢው የትምህርት ክፍል የሚባል ነገር የለም፤ የመካኒኩ መምህርና የባዮሎጂው መምህር ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ መምህራኑም የሚቀጠሩት በሚታደስ ውል እንጂ በዕድሜ ልክ ሹመት አይደለም። በእኔ ጊዜ የተማሪው ቁጥር 350 ገደማ ነበር።

ታክሲ የሚነዳው አባቴ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ እውቅና አለው ወይ? ስንት ያስከፍላል? እውቅናውስ አለው፤ በሜካኒካል፣ በኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር፣ እንዲሁም በጠቅላላ ምህንድስና የሚሰጣቸው ሦስቱም ዲግሪዎች በአገሪቱ የምህንድስና እውቅና ሰጪ ድርጅት በኤቤት የታወቁ ናቸው። ክፍያውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ተማሪ የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ ይሸፈን ነበር፤ ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ወደ ግማሽ ወረደ። እኔ ያንን ግማሽና በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ ተጨማሪ ድጋፍ አግኝቻለሁ። ለታክሲ ነጂ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የድጋፍ መጠየቂያ ቅጹ ለአያት በየወሩ ስለሚላክ ገንዘብ ባይጠይቃችሁም በደብዳቤ ጽፋችሁ ከማስረጃው ጋር አያይዙት።

ማመልከቻቸው የተወደደላቸው ተማሪዎች በየካቲት ወይም በመጋቢት ወደ ግቢው ተጠርተው ቅዳሜና እሑድን በቡድን ሲሠሩ፣ ሲወያዩና ቃለ መጠይቅ ሲደረግላቸው ያሳልፋሉ። ኮሌጁ ዝግጅት አያስፈልግም፣ ራሳችሁን ሁናችሁ ኑ ይላል። በዚህ አልስማማም። ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ ማዳመጥን እንደ ጨዋነት ተምሮ ላደገ ልጅ፣ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ በሚናገርበት ጠረጴዛ ላይ ሐሳቡን አስገብቶ መናገር ልምምድ ይጠይቃል። እኔ ከአክስቶቼ ልጆች ጋር በማኪያቶ እንጨትና በፕላስተር ድልድይ እየሠራን፣ እየተከራከርን ሁለት ሳምንት ተለማምጄ ስለሄድኩ ተሳካልኝ።

ያልተሳካልኝ ከገባሁ በኋላ ነው።

አንደኛ ዓመት ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ «ዲዛይን ኔቸር» ይባላል። የመጀመሪያው ሥራ የግል ነው፤ ተማሪው የሚዘል እንስሳ ይመርጥና የአዘላለሉን ዘዴ አጥንቶ በዚያው ዘዴ የሚዘል አሻንጉሊት ይሠራል። እኔ ፌንጣን መረጥኩ። ፌንጣ ጡንቻዋ በቀጥታ አያስፈነጥራትም፤ የኋላ እግሯን አጥፋ ኃይሉን ቀስ ብላ ታጠራቅምና በአንድ ቅጽበት ትለቀዋለች። እኔም እግሩ ሲታጠፍ የሚወጠር የብረት ሞላና ሞላውን ይዞ የሚቆይ ትንሽ መያዣ ያለው ፌንጣ አሰብኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም እኮራበታለሁ።

መምህሩ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በካርቶንና በመቀስ እየቆረጥን በየክፍለ ጊዜው ሙከራ እንድናመጣ ነገሩን። እኔ አዲስ አበባ እስከ 10ኛ ክፍል ስማር የተሸለምኩት ስርዝ ድልዝ በሌለው ደብተሬ ነው። ካርቶን ቆርጦ፣ አጣምሞ፣ በማጣበቂያ ፕላስተር ጠቅልሎ መምህር ፊት ማቅረብ የሕፃን ሥራ መሰለኝ፤ ይባስ ብሎም መምህሩን መናቅ መሰለኝ። ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ አስቀያሚ አስቀያሚ የካርቶን እግር እያመጡ በየቀኑ ሲሰብሩ፣ እኔ መኝታ ቤቴ ተቀምጬ ሶሊድወርክስ በሚባል የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም እያንዳንዱን ጥርስና ቀዳዳ እስከ መቶኛ ሚሊ ሜትር እሥል ነበር። ሥዕሉ በእርግጥም ያምር ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ፌንጣዋ እየታጠፈች ትዘረጋለች፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር አይጋጭም፤ ስሌቱም 40 ሴንቲ ሜትር ትዘላለች ይላል።

በሦስተኛው ሳምንት የመካከለኛ ግምገማ ነበር። መምህሩ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ሥዕሉን አዩና «ቆንጆ ነው፤ የቆረጥሽውስ የታለ?» ብለው ጠየቁኝ። «ክፍሌ ውስጥ ነው፤ ደህና ይሠራል» አልኳቸው። ዋሸሁ። ምንም አልቆረጥኩም ነበር። እዚያ ግቢ ተማሪ መምህሩን በስሙ ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን ስማቸውን ለመጥራት አፌ እንኳ የማይታዘዝልኝ ልጅ ስለነበርኩ «አልጀመርኩም፣ ማሽኑንም እፈራዋለሁ» ማለት የማይታሰብ ነገር ሆነብኝ። እርሳቸውም አምነውኝ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ስሰማው የኖርኩት ግን ስለ ሕመም እንጂ ስለ ትምህርት አልነበረም።

ማቅረቢያው ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ምሽት ወደ ወርክሾፑ ወረድኩ፤ የሌዘር መቁረጫውን የሚጠብቀው ተማሪ ብዙ ስለነበር ወረፋው የደረሰኝ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። የምንጠቀምበት ዴልሪን የሚባለው ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 3.18 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይሸጣል። ሲቆረጥ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ አለው፤ ከተቀጣጠለም ነበልባሉ እምብዛም ስለማይታይ ዓይንን ከማሽኑ መንቀል አይቻልም። ቆሜ ጠበቅኩ። አሥራ አራቱን ክፍሎች አንስቼ አንዱን እግር ወደ ማስገቢያው ስሰካው ግን ያለ ምንም ተቃውሞ ገባ፤ ሳዞረው ተመልሶ ወደቀ። ሌላውን ሞከርኩ፤ እርሱም እንደዚያው ወደቀ።

ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ ተውሼ ለካሁ። ፕላስቲኩ በእውነት 3.1 ነበር፤ እኔ 3.18 ብዬ የሣልኩት ቀዳዳ ደግሞ 3.4 ሆኗል። የሌዘሩ ጨረር ራሱ ውፍረት አለው፤ በሚቆርጥበት መስመር ግራና ቀኝ ያለውን አቅልጦ ይወስዳል። ይህን የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያወቀውም ተነግሮት ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት የሰካው ነገር ወድቆበት ነው። መቶኛ ሚሊ ሜትር ስቆጥር የከረምኩት እኔ በሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ተሸነፍኩ። እንደገና ልቁረጥ ብል ከኋላዬ ስድስት ሰው ተሰልፏል።

ሱፐር ግሉ ገዝቼ ነበር። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እየቀባሁ፣ በጣቴ ይዤ ስልሳ እየቆጠርኩ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አጣበቅኩ። ዴልሪን ጥርሳም ዘንግና መሽከርከሪያ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው፤ ለዚያ የሚፈለገው ደግሞ የሚያንሸራትት በመሆኑና ምንም ነገር ስለማይጣበቅበት ነው። ሙጫው ደርቆ እንደ ቀጭን ቆዳ ሆነ፤ በጥፍሬ ጫፍ ስነካው ሳይሰበር፣ ሳይቀደድ፣ ሙሉ ለሙሉ ተላጦ እጄ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ምንም ያልነካው ይመስል ያብረቀርቅ ነበር። ያንን ግልጽ ቅርፊት በጣቶቼ መካከል ይዤ እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ።

ወረፋ ሲጠብቅ የነበረ የክፍሌ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከኪሱ ማበጠሪያ የመሰለ የዴልሪን ቁራጭ አወጣ፤ ከ2.70 ሚሊ ሜትር ጀምሮ በአምስት መቶኛ እየጨመሩ እንዲሄዱ የተሣሉ አሥራ ሁለት ቀዳዳዎች አሉበት፤ ፕላስቲኩ ጥብቅ ብሎ የሚገባበትን ለማወቅ በመጀመሪያው ሳምንት የቆረጠው ነው። «2.85 ላይ ነው የሚይዘው፤ ሰኞ ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር» አለኝ። ትንሽ የወቀሳ ድምፅ አልነበረበትም፤ ለዚህም ነው የባሰ የተሰማኝ።

ሐሙስ ጠዋት ፌንጣዋን አጥፌ መያዣውን ስለቀው የግራ እግሯ ተነቅሎ ጎረቤቴ ጠረጴዛ ላይ አረፈ፤ ቀሪው በጎኑ ተጋደመ። መምህሩ አልተቆጡም። «ከመጀመሪያው ሙከራሽ ምን ተማርሽ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የመጀመሪያው ሙከራዬ ያ ራሱ ነበርና።

ያን ቀን ማታ ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ «መኪናው የማላውቀው ድምፅ ሲያሰማኝ እኮ በዚያው ቀን ነው ወደ መካኒክ የምወስደው፤ አንቺ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ትጠብቂ ነበር?» አለኝ። ከወርክሾፑም፣ ከመምህሩም በላይ ያስተማረኝ ይህ ነው፤ እጁ በዘይት የሚቆሽሽ ሰው ሁልጊዜ የሚያውቀውን እኔ በንጹሕ ደብተሬ ምክንያት ሳላውቀው ቀርቻለሁ።

ውጤቴ «አልፋለች» የሚል ነበር። በኦሊን የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የፊደል (ኤ፣ ቢ፣ ሲ) ውጤት የለውም፤ ያለፈ አለፈ ነው። አዲስ ገቢው ሳይፈራ እንዲሞክር ታስቦ የተደረገ ነው፤ ትክክል ነው ብለው የሚከራከሩኝም አሉ። ለእኔ ዓይነቱ ተማሪ ግን መሸሸጊያ ሆነ። ዝቅተኛ ፊደል አግኝቼ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ እየሮጥኩ መምህሩ ዘንድ እሄድ ነበር። አሁን ግን «አልፋለች» የሚለውን ይዤ፣ ዋሽቻቸው እንደነበር የነገርኳቸው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ «አውቄ ነበር፤ ራስሽ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት» አሉኝ። ባይጠብቁ ይሻለኝ ነበር፤ ይህን በወቅቱም ነግሬያቸዋለሁ።

ሁለተኛው ሥራ በቡድን፣ ለአራተኛ ክፍል ሕፃናት የሚሆን ጨዋታ መሥራት ነው፤ ሕፃናቱ ራሳቸው መጥተው እየተጫወቱ ይገመግሙታል። በሁለተኛው ቀን በካርቶን የተጠቀለለ አስቀያሚ ነገር ይዤ ቀረብኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ በአራተኛው ዓመት አንድ ኩባንያ የራሱን ችግር ገንዘብ ከፍሎ ለተማሪ ቡድን የሚሰጥበት «ስኮፕ» ጭምር፣ ከባድ ቢሆንም በዚሁ መንገድ ተወጣሁት።

የአክስቴ ልጅ አገር ቤት ምህንድስና እየተማረ ነው፤ ወርክሾፑ የሚከፈትላቸው አንዳንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ይነግረኛል። ላፕቶፕ ላኪልኝ ብሎ ሲጠብቅ ካሊፐርና የመቁረጫ ቢላ ላክሁለት። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። አሁን የካርቶን ጥርሳም ዘንግ እየሠራ ፎቶ ይልክልኛል፤ ስንነጋገር ደግሞ የተሰበረውን አስቀድሞ እንዲያሳየኝ ተስማምተናል።

ለመጎብኘት የምትሄዱ ቤተሰቦች፣ ኮሌጁ በየወሰነ ትምህርቱ ማብቂያ በሚያዘጋጀው ኤግዚቢሽን ጊዜ ኑ ቢላችሁ፣ ከቻላችሁ በጥቅምት ሂዱ። በኤግዚቢሽኑ ቀን የምታዩት የሚሠራውን ብቻ ነው። ግቢውን የሚያስጎበኛችሁን ተማሪ በዚህ ሳምንት ምን እንደተሰበረበት ጠይቁትና ወስዶ ካሳያችሁ፣ ልጃችሁ እንዲነካው ፍቀዱለት።